የክፍሉ ጨው

ደግሞ ወንበር፣ ወንበር አምጥታ ሰጠችው እኮ ነርሷ፣ በዚያ ሁሉ ሩጫዋ መሃል፣ ዐረፍ በል የኔ ወንድም፣ እጥበቱ ረጅም ነው ቆመህ አትችለውም ብላ፣ እሱም እሺ ሲስተር እግዜር ይስጥልኝ ብሎ እንደ ደህና ሰው ቁጭ አለ፣ ቁጭ ብሏል፣ ጉልበቱን ገጥሞ፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ዐይኑን በጨው ታጥቦ። ጨው። ይቺን ቃል እንኳ ዛሬ ባያነሳት ይሻለው ነበር። እህቱ አልጋው ላይ ነች፣ ታላቁ፣ ያሳደገችው፣ ግራ ክንዷ በሁለት ቱቦ ከማሽን ጋር ተያይዟል፣ አንዱ ደሟን ይወስዳል አንዱ አጥቦ ይመልሳል፣ መሃል ላይ ማጣሪያዋ ቆማለች፣ ክንድ የምታህል ግልጽ ፕላስቲክ፣ ውስጧ ቀይ፣ ኩላሊቷ በለው፣ ኩላሊቷ የሚባል ነገር አሁን እሷ ናት፣ እሱ ግን አያያትም፣ መስኮቱን ያያል፣ የአልጋውን ጎማ ያያል፣ የነርሷን ነጭ ጫማ ያያል፣ ማጣሪያዋን አያይም።

ማሙሽ፣ ትላለች። አርባን ዘሎ፣ ጸጉሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ የሁለት ልጆች አባት ሆኖ፣ በሰው ፊት፣ ማሙሽ። ምነው ፊትህ እንዳልተተኮሰ ሱሪ ሆነ፣ ልብስ ሰፊ ነች፣ የሰው ፊት የምታየው በካውያ ነው፣ ታማሚዋ እኔ ነኝ ወይስ አንተ? ደህና ነኝ እትዬ፣ ትንሽ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሥራ በዝቶብኝ! የቱ ሥራ፣ እረ እንዳትስቅ፣ የቱ ሥራ ነው የበዛው? ይበዛበታላ፣ ትላለች እሷ፣ ለእሱ ሳይሆን ለጎረቤት አልጋው ሽማግሌ፣ ለሾፌሩ፣ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ነድቶ አሁን እሱም ክንዱን ዘርግቶ ለተኛው፣ የነገርኩዎት ወንድሜ ይሄ ነው፣ መድኃኒት አከፋፋዩ ጋ ትልቅ ሰው ነው፣ እሱ ባይናገርልን ኖሮ ማጣሪያው ዛሬም አይመጣም ነበር። ሾፌሩ ከትራሱ ቀና ይላል፣ ተባረክ ልጄ፣ እንዳንተ ያለውን ያብዛልን። ያብዛልን አሉ። አሜን ይላል፣ ምን ይበል፣ አፉ ራሱ አለ አሜንን። ለዚህ ነው ወንበሯም፣ ነርሷም ሰምታ ነው፣ ማጣሪያ ያመጣላቸው ሰው ቆሞ ይዋል እንዴ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው፣ ከነወንበሩ።

ሦስተኛው አልጋ ባዶ ነው። አስተማሪዋ የነበረችበት፣ ማጣሪያ ጠፍቶ ተራዋ ሲዘለል ያልወጣላት ውሃ ሳንባዋ ገባ፣ ወደ ሌላ ክፍል ወስደዋታል፣ እየተሻላት ነው አለች ነርሷ፣ እየተሻላት ነው ስትል ግን ዐይኗ አልጋውን ነበር የሚያየው፣ አንሶላው ተወጥሮ ተነጥፏል። እየተሻላት ነው፣ ተብሏል እኮ። አንተ ያልከው አይደለም፣ ሲስተር ናት ያለችው፣ ለምን አታምንም?

ሰው ቢያየው ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር፣ ትላለች እህቱ፣ ማሽን ምን ያውቃል፣ ቁጥር ነው የሚያየው፣ ማጣሪያውን የቀነሰው የናንተ ቢሮ ማሽን ነው አሉን፣ እውነት ነው ማሙሽ? እሱ ያስላል። ነርሷ ታልፋለች፣ የወደቀ ፋሻ ታነሳለች፣ እግዜር ይስጣት አሁን ገባች መሃል።

እውነት ነው ማሙሽ? መጀመሪያ እንዲያውም ጥሩ ነበር እትዬ፣ ይላል፣ በሆዱ፣ ለእሷ አይልም። ድሮ፣ ማሽኑ ሳይመጣ፣ ቢሮ ውስጥ ክፍላቸው የጩኸት ክፍል ነበር፣ አንዱ ሆስፒታል ጓንት ማስቀመጫ አጥቶ ኮሪደር ላይ ይከምራል ሌላው በባዶ እጅ ያዋልዳል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ እነሱም ይጮኻሉ፣ መኪናው ወጣ ወይ፣ የት ደረሰ፣ ማን ፈረመ፣ ጊዜው ያለፈበት መርፌ በካርቶን ይቃጠላል፣ ከዚያ ኃላፊው፣ አቶ ይቻላል ነው ቢሮው የሚለው፣ ጣሪያው ይፈርሳል ብትለው ይቻላል የሚል ሰው፣ የአቅርቦት ሰንሰለታችንን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እናዘምናለን የሚል ባነር መግቢያው ላይ ሰቀለ። ባነሩ ተሰቅሎ ይቀራል ብለው ነበር፣ አልቀረም። ልጅቷ መጣች፣ ላፕቶፗን በጨርቅ ከረጢት አንጠልጥላ፣ ዝምተኛ፣ የማሽኑ እናት አሏት ወዲያው፣ ማሽን ይሉታል እንጂ ማሽን አይደለም፣ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ የትኛው ሆስፒታል ምን እንደሚጨርስ መቼ እንደሚጨርስ ቀድሞ ያውቃል፣ ዝናብ የትኛውን መንገድ እንደሚዘጋ ያውቃል፣ ጠዋት ጠዋት ይሄን ያህል ለእዚህ ይሄን ያህል ለእዚያ ብሎ አሰናድቶ ይጠብቃል፣ አንተ እሺ ትላለህ መኪናው ይወጣል። በቃ። ስልኩ ጸጥ አለ። ጸጥ ሲል ደግሞ፣ ወይ ጉድ፣ ጸጥታው ራሱ ያስፈራል ለካ፣ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ምን እሠራለሁ እዚህ ብሎ ራሱን መጠየቅ ይጀምራል።

አቶ ይቻላልም ያንኑ ጠየቀ። በስብሰባ ላይ፣ እየሳቀ፣ የማሽኑን ውሳኔ የምታርሙበት ልክ በየወሩ ይታያል፣ እርማት የሌለበት ክፍል እንግዲህ ሰው አያስፈልገውም ማለት ነው፣ ሃሃ። ማንም አልሳቀም። በማግስቱ ጢሞ፣ ከእሱ አጠገብ የሚቀመጠው፣ ጺሙን እንደ ልጅ የሚያሳድግ፣ ወንበሩን ገፍቶ መጣና በጆሮው፣ ስማ፣ ወጡ ቢጥምም ትንሽ ጨው ጣል እናደርግበታለን፣ ከዚህ ቀነስ ወደዚያ ጨመር፣ ማንም ሳይጎዳ፣ እጃችን እንዳለበት ይታይ። ጨው። ከዚያ ወዲህ የክፍሉ ወግ ሆነ፣ ዛሬ ጨው ጨመርክ? ጨመርኩ። አንቺስ? ከምሳ በኋላ። ሣቁበት፣ እሱም ሳቀ፣ ኧረ እሱ ከሁሉም በላይ ነው የሳቀው፣ ትንሽ ትንሽ ነበር፣ የሚጎዳ አልነበረም፣ የአልጋ ልብስ፣ ጥጥ፣ ፕላስተር፣ ማን በፕላስተር ይሞታል።

ያን ቀን ግን። ያን ቀን ጢሞ ጃኬቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል፣ ና እንጂ ራበኝ፣ ጨው ጨምረሃል? አልጨመርኩም። እና ቶሎ በላ፣ ምግብ ቤቱ ይሞላል። ስክሪኑን ወደ ታች ሳበው፣ ቁጥሩ ከፍ ያለ መስመር ፈለገ፣ ትንሽ ቁጥር ቢነካ አይታይለትማ፣ አገኘ፣ የዕቃው ስም በኮድ ነው፣ ፊደልና ቁጥር፣ የሆስፒታሉ ስም ግን በደማቁ ተጽፏል፣ ይሄ ሆስፒታል፣ እትዬ በሳምንት ሁለቴ በታክሲ የምትመጣበት፣ ስንቴ አድርሷት፣ ስንቴ በሩ ላይ ጠብቋት፣ ስሙን አላነበበም፣ ዐይኑ ቁጥሩ ላይ ነበር። ግማሹን አነሳና ሌላ መጋዘን ላይ ጣለው። ምክንያት ይምረጡ፣ አለው ኮምፒውተሩ፣ የመጀመሪያውን መረጠ፣ በቂ ክምችት ስላለ። ከዚያ ቢጫ ጽሑፍ መጣ፣ ይህ ለውጥ እጥረት ሊያስከትል ይችላል፣ እርግጠኛ ነዎት? ነዎት አለው፣ በአንቱታ፣ ቢሮው ውስጥ ከልጅቷ ሌላ በአንቱታ የሚያናግረው እሱ ብቻ ነው፣ ቆሞ ጠየቀው፣ እንደ ሥርዓት ያለው ልጅ። አዎ የሚለውን ጫነ። ምሳ ምን እንደበላ እንኳ አያስታውስም።

ማሙሽ። አቤት እትዬ። እግሬን፣ እግሬን ያዘኝ፣ ባቷ ተኮማትሮ ድንጋይ ሆኗል፣ ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያውን ታያለች፣ ነርሷ ሮጣ መጣች፣ ማሽኑን ነካካች፣ እግሩን ወደ ላይ ግፋው፣ እንደሱ፣ ያዝላት፣ ትላለች፣ ይገፋል፣ ተረከዟን በመዳፉ ይዞ ይገፋል፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አውራ ጣቱ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ይቀራል፣ አይመለስም፣ እንደ ሊጥ፣ ውሃ ነው፣ ተራዋ ተዘሎ የተጠራቀመ ውሃ፣ ያንተ ጣት ነው ይሄ፣ ጎድጓዳው ያንተ ጣት ነው። ለቀቀኝ፣ ትላለች፣ ተወው አሁን፣ እጅህ ደግሞ እንዴት ያልባል፣ ሴት ልጅ ልታጭ የሄድክ ይመስል። ሾፌሩ ይስቃል። እሱም ይስቃል፣ እዩት ሲስቅ።

ተራዋ የተዘለለ ሳምንት ተኝታ አላደረችም፣ መተኛት አልቻለችም፣ ጋደም ስትል ትንፋሿ ይቆማል፣ ቤቱ ወስዷት ሳሎን ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ነበር የምታድረው፣ ትራስ ከኋላ ትራስ ከጎን፣ ሚስቱ ታራግባታለች፣ ልጆቹ ቴሌቪዥኑን ድምፁን ቀንሰው፣ ምን ሆነሽ ነው ሲላት ማጣሪያ የለም ተባልን፣ አከፋፋዩ አልላከም፣ ተራችንን ዘለሉን። አከፋፋዩ። ሚስቱ ዞር ብላ አየችው፣ የናንተ ድርጅት አይደለም እንዴ? ጠዋት ሮጠ ቢሮ፣ ማንም ሳይገባ፣ ከፈተው፣ ያ ኮድ፣ ያ ግማሽ፣ ምክንያት በቂ ክምችት ስላለ፣ መጸዳጃ ቤት ሄዶ ፊቱን ታጠበ፣ ተመልሶ አየው፣ አሁንም እዚያው አለ። የባሰው ደግሞ ከዚያ በታች ያለው ነው፣ በሚቀጥለው ጭነት ራሱ ማሽኑ ቀንሷል፣ ማንም ሳይነካው፣ ምክንያቱም ልጅቷ ከእናንተ እርማት እንዲማር አድርጌዋለሁ ብላቸው ነበር፣ እናንተ ለብዙ ዓመት የምታውቁትን እሱ አያውቅም፣ እርማታችሁን ያከብራል ብላ፣ ያከብራል ነው ያለችው። አመነው እኮ። በቂ ክምችት አለ ብሎታል ትልቅ ሰው፣ እሱም በቂ አለ ብሎ ያዘ። ያን ጠዋት ቁጥሩን መለሰው፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ እንደ ሌባ ሳይሆን የሰረቀውን እንደሚመልስ ሌባ፣ ልዩነቱ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ማጣሪያው መጣ፣ እትዬም አንተ ተናግረህልን ነው አይደል? አለችው በስልክ፣ እሱም ዝም አለ። ዝም ማለቱን አዎ አደረገችው።

ትናንት ደግሞ ስብሰባው። ማነው የነካው? አለ አቶ ይቻላል፣ ሆስፒታሉ አቤቱታ ጽፏል፣ ክፍሉ ሁሉ በአንድ የይለፍ ቃል ነው የሚገባው፣ ማን እንደነካ አይታይም፣ እንዲቀልላቸው ራሳቸው ናቸው እንደዚያ ያደረጉት፣ ሁሉም ጨው የጨመረ ነው፣ ሁሉም ጠረጴዛውን ያያል። ማንም አልነካም፣ አለ ጢሞ። ልጅቷ ቆመች፣ ከእናንተ አንዱ ነክቶታል፣ እባካችሁ፣ ልትቀጡ አይደለም፣ ምን አስቦ እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ፣ የሆነ ምክንያት ይኖረዋል፣ እኔ ያላየሁት ነገር አይቶ ይሆናል። እና እሱን አየችው፣ ከሁሉም መርጣ እሱን፣ የክፍሉ አንጋፋ፣ ሲስተሙን ስታስተምረው ዓይኑ ስለደከመ ፊደሉን ያሳደገችለት፣ ጋሼ የምትለው፣ ጋሼ እርስዎ ምን ይላሉ? ምን አለ? ዝም ቢል ምን ነበረበት፣ ዝምታውን ስንት ጊዜ ያውቅበታል፣ ያኔ ግን ምላሱ ተፈታለት፣ ማሽን ነው፣ ማሽን ይሳሳታል፣ የእናት ነገር ሆኖ ልጇን ልታድን ነው እንጂ። ሳቁ። እንደዚያ ብሎ አሳቀባት። እሷ ላፕቶፗን ከረጢቱ ውስጥ ከተተች፣ ማሰሪያውን ሁለቴ ሳተችው፣ ሦስተኛው ላይ ያዘላት።

ቦርሳው ይንቀጠቀጣል። ስልኩ። አያነሳም፣ በዚፑ ቀዳዳ ብቻ ያያል፣ ጢሞ ነው፣ ጽፏል፣ ከሰዓት ውሳኔ አለ፣ ማሽኑ ይጠፋል ልጅቷም ትሰናበታለች፣ ቦርዱ ፊት አንተ እንድትናገር ተፈልገሃል እንደ አንጋፋ፣ ትናንት ያልከውን ድገመው፣ ተገላገልን ወንድሜ፣ ወደ ድሮአችን። ወደ ድሮአችን። ወደ ጩኸቱ፣ ኮሪደር ላይ ወደተከመረው ጓንት፣ በካርቶን ወደሚቃጠለው መርፌ፣ እትዬስ፣ የእትዬ ማጣሪያ በማን ስልክ ነው የሚመጣው ያኔ፣ በሱ ጩኸት? ልጅ ናት፣ ሌላ ሥራ ታገኛለች፣ ተምራለች፣ እሱ ግን በዚህ ዕድሜው ማን ይቀጥረዋል፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የቤት ኪራዩ፣ እና ደግሞ ማን ሞተ፣ ማንም አልሞተም፣ አስተማሪዋ እየተሻላት ነው። አንሶላው ተወጥሮ ተነጥፏል። ደግሞስ ብናገር ጢሞስ ሌሎቹስ፣ የሁሉንም ጉድ ነው የማወጣው፣ ለሰው ማሰብ አለብህ። ለሰው! ይሄኔ ደርሶ ለሰው አሳቢ። አንተ ወራዳ።

ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ ላይ የክፍሉ ባለሙያዎች በበኩላቸው ምንም ዓይነት ጣልቃ ገብነት ያልፈጸሙ መሆኑን፣ እንዲህ ነው የሚለው ቦርዱ ፊት፣ አረፍተ ነገሩ ራሱ ተሰናድቶ አፉ ላይ መጥቷል፣ እንዴት እንደሚያምር፣ ያልፈጸሙ መሆኑን፣ ሰው የሌለበት አረፍተ ነገር፣ ማንም ያልነካው።

ሄድክ እንዴ? ትላለች እህቱ። እዚህ ነኝ። ሰውነትህ ነው እዚህ ያለው። ክንዷን ማንቀሳቀስ አትችልም፣ በቀኝ እጇ ተሻግራ እጅጌውን ትነካለች፣ ቁልፉ ልትወልቅ ነው፣ ለሚስትህ ንገራት፣ ወይ እኔ እሰፋልሃለሁ ይሄ ነገር ሲያልቅ፣ የትምህርት ቤት ልብሱንም እሷ ነበረች የምትሰፋው፣ በየዓመቱ አስፍታ፣ ጓደኞቿ ሲያገቡ እሷ የስፌት ማሽኗ ላይ አጎንብሳ፣ የኔ ወንድም ትልቅ ሰው ይሆናል እያለች። እኔማ አልኩት፣ ለሾፌሩ ነው አሁንም የምታወራው፣ ኩራቷ አይደክማትም፣ ያን ጊዜ ይሄ ወንድሜ አጠገቡ ቢሆን ኖሮ፣ እሱ ዐይኑን ጣል ቢያደርግበት ኖሮ፣ እኛን በዚያ ሁኔታ አይተወንም ነበር፣ ማሽን ነው እንጂ ማን ይጨክናል።

አይቼዋለሁ፣ ይላል።

ምኑን?

ድምፁ የሱ አይመስልም፣ ወጣ እንጂ፣ አንዴ ከወጣም ተመልሶ አይገባም፣ አይቼዋለሁ እትዬ፣ ማሽኑ አይደለም የቀነሰው፣ እሱ በልኩ ነበር ያዘጋጀው፣ እኔ ነኝ ግማሹን ያነሳሁት፣ እርግጠኛ ነዎት ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር፣ አዎ አልኩት፣ ለምሳ ቸኩዬ፣ ሥራ ያለኝ እንዲመስል ብዬ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም፣ ሌላ ምክንያት የለውም፣ ልጅቷን ነው የሚያባርሩት፣ እኔ ነኝ።

የእጥበቱ ማሽን ይሽከረከራል፣ ደሙ ይሄዳል ይመለሳል። ሾፌሩ ፊቱን ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው አዞረ፣ አልተቆጣም፣ አልተሳደበም፣ ቢሳደብ ምናለ። እህቱ እጅጌውን ለቀቀች። ጣሪያውን ታያለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ጸሎት ይሁን ስድብ አይሰማም።

የኔ መሆኑን አላወቅክም፣ ትላለች።

አላወቅኩም እትዬ፣ በእናቴ፣ ባውቅ እኮ፣ የማን እንደሆነ አላነበብኩም፣ ባነብ ኖሮ እንዴት ብዬ።

እና የማን መስሎህ ነው?

የማን መስሎት ነበር? ይፈልጋል፣ እውነቱን ነው ይፈልጋል፣ ያን ምሳ ሰዓት ውስጥ ገብቶ፣ ጢሞ በሩ ላይ ቆሞ፣ ቢጫው ጽሑፍ፣ የሆነ ሰው ይፈልጋል እዚያ፣ የማንም ይሁን፣ አንድ ፊት፣ ማንም የለም፣ የማንም አልመሰለውም ነበር። እፍረቱ ከእግሩ ጥፍር ተነስቶ ጆሮው ድረስ ጋለው፣ የሷ ባይሆን ኖሮ ዛሬም ዝም ይል ነበር፣ እሷም ይሄን አውቃለች፣ ፊቷ ላይ ያያል ማወቋን።

ቦርሳው ጭኑ ላይ ይንቀጠቀጣል። ይቆማል። እንደገና ይንቀጠቀጣል።

ስልክህ ነው፣ ትላለች፣ ማሙሽ አላለችም። አንሳው።

ውጭ ወጥቼ ላናግራቸው እትዬ፣ አንቺ ዕረፊ።

የለም፣ እዚሁ። እየሰማሁህ።

ዚፑን ይከፍታል፣ እጁ አሁንም ያልበዋል፣ አቶ ይቻላል ይላል ስክሪኑ፣ ዐይኑን የሚያሳርፍበት ፈልጎ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ጎማው፣ ከዚያ ማጣሪያዋ ላይ ቆመ፣ ቀይ ናት፣ ጠባብ ናት፣ ኮዷ ጎኗ ላይ ተለጥፏል፣ ያው ኮድ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ሄሎ፣ ይላል፣ አዎ፣ ደህና ነኝ፣ አይ፣ ከሰዓት አይደለም፣ አሁን ይስሙኝ፣ እርስዎ ከመናገርዎ በፊት እኔ ልናገር።